ምንጭ ብዬ የጻፍኩት ስም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «አባ፣ የሰው ስም ጽፌ በደልኩ» ብላቸው፣ «ምን ብለሽ ጻፍሽ፣ ሰደብሻት?» ይሉኛል። «አልሰደብኳትም፤ የነገረችኝን ነገር እሷ ናት የነገረችኝ ብዬ ነው የጻፍኩት» እላቸዋለሁ። «ዋሸሽ?» ይሉኛል። «አልዋሸሁም።» ታዲያ ይህ ምን ኃጢአት አለው ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ይሸኙኛል። እኔ ደግሞ በቀላሉ መሸኘት አልፈልግም። ስለዚህ እሳቸውን ትቼ ወደ እናንተ መጥቻለሁ፤ እናንተም ቶሎ አትሸኙኝ።

እኔ የምርምር ዘዴ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ ጽሑፍ ይዞልኝ ሲመጣ ከርዕሱ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ የምንጮቹን ዝርዝር ነው የማየው። ከኢንተርኔት ገልብጦ የራሱ አስመስሎ ያመጣ ተማሪ ከእኔ እጅ በሰላም ወጥቶ አያውቅም። ጂንካ ሳለሁ ተማሪዎቼ በሌለሁበት «ከየት አመጣኸው» እያሉ ይጠሩኝ እንደነበር አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል። ይህን የምነግራችሁ ኑዛዜዬን ሰምታችሁ ሕጉን እንዳትጠሉት ነው። የሰው ሐሳብ ወስዶ ስሙን መደበቅ ስርቆት ነው፤ ወረቀት ላይም ይሁን ስልክ ላይ ስርቆት ነው። እኔ የበደልኩት ሕጉን ጥሼ አይደለም። ሕጉን አክብሬ፣ ነጠላ ሰረዙን እንኳ ሳላዛንፍ ነው የበደልኩት።

ከደሴ ተነስቼ ጂንካ ስገባ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ደላላው ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ጀርባ አንድ ግቢ አሳየኝ። ከፊት የባለቤቷ ቤት፣ ከኋላው በአንድ ግድግዳ የተያያዘች አንዲት ክፍል፣ ግቢው ውስጥ እንሰትና ሙዝ። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ከእናቴ ትንሽ የሚያንስ ሴት ነበረች። ስሟን አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራት፤ እዚህም እትዬ ትሁን።

እትዬ አከራይ ብቻ አልነበረችም። ዝናብ ሲመጣ ልብሴን ከገመድ ላይ ታወርድልኝ ነበር። ስታመም በር ሳታንኳኳ ገብታ ግንባሬን ትነካ ነበር። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስታየኝ «መምህርት፣ ዛሬም ራትሽ ስልክ ነው?» ትለኝና የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን ታስቀምጥልኛለች። እኔም ሳላይ፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ እበላለሁ። ምን እያነበብኩ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

በሰፈሩ እድር ውስጥ እትዬ የወጥ ቤቱ አለቃ ነበረች። ማንም አልሾማትም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል እሷ ሽንኩርቷን ይዛ ትደርሳለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ጨው ከመጨመራቸው በፊት ፊቷን ያያሉ። የባሏ እህት እንኳ፣ ለሰው ሥራ ቶሎ የማትደነቅ ሴት፣ «የእሷ ወጥ ካልቀረበ ሐዘኑም አልወጣም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እትዬ ይህን ቦታዋን ትወደው ነበር። በመንደሩ መሃል ስታልፍ አንገቷን ቀና የምታደርገው በእሱ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያጠፋሁት እሱን ነውና።

እትዬ አልፎ አልፎ «ዲመካ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ በጠዋት ትወጣ ነበር። ስትመለስ ማር ይዛ ትመጣለች፣ ለጎረቤትም ለእኔም ትቀንሳለች። አንድ ቀን ከዲመካ መጣሁ ብላ ደጃፌ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ አየኋት። ዲመካ ቆላ ነው፤ በዚያ ወር ከአቧራ በቀር ምንም የለውም። የእትዬ ጫማ ግን እስከ አፉ ድረስ በደጋ ጭቃ ተለውሷል። የምርምር አስተማሪ አይደለሁ? «እትዬ፣ ዲመካ ዘነበ እንዴ?» አልኳት። ለቀልድ ነበር።

እትዬ ደፌ ላይ ተቀመጠችና ያለ ድምፅ አለቀሰች። እናቷ በቀደመው ቀን ተቀብራ ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ ቀስ እያለች ነው። በዚያ በጂንካ ዙሪያ ባለው የአሪ ሕዝብ ምድር ከድሮ ጀምሮ ገበሬና ሸክላ ሠሪ ተለይቶ የሚኖርበት ልማድ ነበር። ገበሬው ሸክላ ሠሪዋ የሠራችው ድስት ውስጥ ወጥ ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪዋ የሠራችውን ወጥ ግን አይበላም። ልጅዋን አያገባም፣ ቤቷ ገብቶ አይቀመጥም። ቤተ ክርስቲያኑ ሁላችንም አንድ ነን ብሎ ሰበከ፤ ከልባቸው ያመኑት ብዙ ናቸው፣ አፋቸው ያመነና እጃቸው ያላመነም አሉ። እትዬ ከደጋ የመጣች የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ባሏ ይህን እያወቀ አገባት፤ ለቤተሰቡ ግን ወላጆቿ የሞቱባት፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት ብሎ ነገራቸው። ምስጢሩን ይዞ ሞተ። እሷም እናቷን ለማየት በፈለገች ቁጥር ዲመካ ገበያ እሄዳለሁ እያለች ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው የሚወጣውን መኪና ትሳፈር ነበር። ማሩን የምትገዛው ስትመለስ እዚያው ጂንካ ነበር።

«ለሰው ሁሉ ድንኳን አበስላለሁ» አለችኝ። «የእኔ እናት ስትሞት ዲመካ ሄድኩ አልኩ።»

ለምን ለእኔ እንደነገረችኝም ነገረችኝ። «አንቺ የሩቅ ሰው ነሽ። እዚህ ማንንም አታውቂ። ለዚህ ነው የነገርኩሽ» አለች።

ለማንም አትንገሪ አላለችኝም። ይህን ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ አላውቅም፤ እኔ ግን ለዓመታት ራሴን የተከላከልኩበት እሱን ነው። አትንገሪ አላለችኝም! እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስንት ጊዜ ተሟግቻለሁ። ማለት ነበረባት? ደፌ ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷ መቃብር ጭቃ ጫማዋ ላይ ሳይደርቅ፣ የምስጢር ውል ታስፈርመኝ ነበር? ራሷ ነግራኛለች እኮ፦ የሩቅ ሰው ስለሆንኩ። የሩቅ ሰው መሆኔ ነበር ውሉ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ።

በዚያን ጊዜ ስለ ደቡብ ኦሞ ሕዝቦች የሚወያይ የቴሌግራም ቡድን ነበር። መምህራን፣ የመስሪያ ቤት ባለሙያዎች፣ ከውጭ አገር የሚጽፉ ተመራማሪዎች ነበሩበት። ደንቡ ከላይ ተለጥፏል፦ አክብሮት፣ ከርዕስ አለመውጣት፣ ምንጭ መጥቀስ። ከደንቡ ሦስተኛውን አጥብቄ የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው የሌላውን ጽሑፍ ያለ ስም ሲለጥፍ ከስሩ ገብቼ ባለቤቱን አስታውቅ ነበር። አንዳንዱ ያመሰግነኛል፣ አንዳንዱ «የቡድኑ ፖሊስ» ይለኛል። ሁለቱንም እወደው ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የሚጽፍ አንድ ዶክተር ስለ ሸክላ ሠሪዎች ረጅም ነገር ለጠፈ። በጂንካ ከተማ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ትምህርትና ገበያ አጥፍተውታል፤ ዛሬ በከተማዋ ትውልዱን የሚደብቅ ሰው የለም አለ። ምንጭ ብሎ የጠቀሰው የራሱን የቀድሞ ጽሑፍ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ የእትዬ ጎደሬ ሳህን ጭኔ ላይ ነበር። «አለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህችን አንዲት ቃል። እሱም በአንዲት ቃል መለሰልኝ፦ «ምንጭ?»

የምኖርበት ከተማ ነው፣ በዓይኔ የማየው ነው አልኩ። ዶክተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ነው ያሳበደኝ። «ውድ እህቴ፣ በዚህ መድረክ ሥነ ሥርዓት ከየት እንደተገኘ ያልተጠቀሰ ነገር ወሬ ነው የሚባለው። ወሬን በመጠቀስ ላይ ካለ ጥናት ጋር ማጋጨት ተገቢ አይመስለኝም» ብሎ ጻፈ። ከስሩ አውራ ጣት ተደረደረ። አውራ ጣት ካነሱት መካከል እኔ ያረምኳቸው ሰዎች ነበሩ።

ወሬ! ለእኔ! ለዚያች «ከየት አመጣኸው» ለምትባለው! ደሜ ፈላ። እውነቱ እኔ ዘንድ ነበረ፣ በግድግዳ ማዶ ተኝታለች፣ ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ እሱ ደግሞ በማያውቃት ከተማ ላይ ተቀምጦ የለችም ይለኛል።

ጻፍኩ። ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ። የምትኖርበትን ሰፈር ጻፍኩ። የተወለደችበትን መንደር ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ ከዚያ ዶክተሩ ያልተሟላ ነው እንዳይለኝ ብዬ መልሼ ጻፍኩት። የእናቷን ሙያ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከባሏ ቤተሰብ ደብቃ እንደምትኖር ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ በቅንፍ፣ ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው፣ «የግል ቃለ መጠይቅ፣ ጂንካ» ብዬ ቀኑን አስቀመጥኩ።

  ሰው ትውልዱን ይደብቃል ብዬ ለማስረዳት የደበቀችውን ሴት ገለጥኳት። ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያን ማታ ግን አልታየኝም። የታየኝ ዶክተሩ ብቻ ነው።

ለነፍስ አባቴ አልዋሸሁም እላቸዋለሁ ብዬ ነበር አይደል? እሱም ውሸት ነው። ቃለ መጠይቅ አልነበረም። እኔ የጠየቅኳት ዲመካ ዘነበ ወይ ብዬ ነው። የሐዘንተኛን ለቅሶ ወስጄ ቃለ መጠይቅ ብዬ ሰየምኩት፤ ቃለ መጠይቅ ሲባል ፈቃድ የተጠየቀበት ይመስላል፣ አጠያየቅ ያለው ይመስላል። በምንጭ አጠቃቀስ ትልቁ ወንጀል ይህ ነው፣ የሌለውን ፈቃድ እንዳለ ማስመሰል። ተማሪዬ ቢያደርገው አባርረው ነበር።

ዶክተሩ ወዲያው መለሰ። «እንዲህ ነው ምንጭ የሚጠቀሰው። አመሰግናለሁ፣ ተምሬበታለሁ» አለ። ሰዎች አጨበጨቡ። አንዷ የቡድኑ አባል ይህ ለሁላችንም አርአያ ነው አለች። እኔ ይህን ደጋግሜ አነበብኩና ጠግቤ ተኛሁ።

ቡድኑ ውስጥ ጂንካ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አላሳብብም። ጽሑፉን አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ ወደ ሌላ ቡድን ላከው፣ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያ የባሏ እህት ልጅ ስልክ ላይ ደረሰ። ማን እንዳስተላለፈው አልፈለግኩም። ያ ሰው ከየት እንዳገኘው በትክክል ጠቅሷል፤ የእኔ ስም ከላይ ይነበባል።

ከዚያ በሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። እትዬ እንደ ልማዷ ሽንኩርቷን ይዛ ሄደች። እኔ ከሥራ በኋላ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ሰው መበታተን ጀምሯል። እትዬ ትልቁን ብረት ድስቷን አጠገቧ አድርጋ ከወጥ ቤቱ ደጅ ብቻዋን ቆማለች። «ነይ አግዢኝ» አለችኝ። አንዱን እጀታ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን በመንደሩ መሃል አለፍን። ድስቱ ከበደኝ። «ዛሬ ሰው አልመጣም እንዴ እትዬ?» አልኳት። ብዙ ሰው ነበር አለችኝ።

ድስቱ ሙሉ ነበር። አንድ ጭልፋ እንኳ አልተቀዳም። በኋላ እንደሰማሁት፣ የባሏ እህት ክዳኑን ገጥማ ድስቱን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከሌሎቹ አራቀችው፤ ማንም ክፉ አልተናገረ፣ ማንም አላባረራት፣ አስተናጋጆቹ ከሌላው ድስት እየቀዱ ወደ ድንኳኑ ወሰዱ። እትዬ ለቅሶው እስኪያልቅ እዚያው ቆማ ቆየች።

ግቢ ስንገባ ድስቱን እንሰቱ ስር አስቀመጥነው። እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስሜን ጽፈሻል አሉ» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? እግሯ ላይ ወደቅኩ? ዋይ አልኩ? አስረዳኋት። የምንጭ አጠቃቀስን ሥርዓት አስረዳኋት። በምሁራን ውይይት የሰማነውን ከማን እንደሰማን መናገር ግዴታ ነው፣ ይህን ካላደረግን የሰውን እውቀት እንደ ሰረቅን ይቆጠራል፣ ስምሽን የጻፍኩት ላከብርሽ ብዬ ነው አልኳት። በዚያ ሙሉ ድስት ፊት ቆሜ ነው እንዲህ ያልኩት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አደረግኳት። እሷም እንደ ተማሪ አዳመጠችኝ፤ ስጨርስ ጠየቀችኝ።

«እናቴንስ ጻፍሻት?»

ሸክላ ሠሪ መሆኗን ጽፌአለሁ አልኩ።

«ስሟን?»

ስሟን አላውቀውም ነበር። የእናቷን ስም ጠይቄያት አላውቅም፤ ደፌ ላይ ስታለቅስም አልጠየቅኩ። ለክርክሬ አላስፈለገኝም ነበራ።

እትዬ ነገረችኝ። ስሙን ከነገረችኝ በኋላ እንዲህ አለች፦ «የእኔን ከጻፍሽ አይቀር እሷንም ጻፊ። ለእሷ ድንኳን አልተጣለም። ስሟ እንኳ ይነበብ።»

ሁለተኛው በደሌ ከመጀመሪያው ይብሳል። ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ስልኬን አነሳሁ፣ የእናቷን ስም በመጻፍ ፈንታ የራሴን ጽሑፍ ከቡድኑ አጠፋሁት። ነውር ነበረ ብዬ አጠፋሁት። አስቡት፣ አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ ፊት ተዋርዳ መጥታ እናቴን ጻፊልኝ ስትለኝ፣ እኔ የሁለቱንም ነገር እንደ ቆሻሻ ጠረግኩት። ለእሷ አስቤ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለእሷ አልነበረም። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢጠይቀኝስ ብዬ ነው። ያለ ፈቃድ ስም አወጣች እንዳልባል ነው። ከዶክተሩ መልስ ስር የተደረደረው ጭብጨባ አብሮ ባለመጥፋቱ እንኳ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ጻፍኩት፤ ያሰብኩትን ሁሉ ልናዘዝ ብዬ ስጀምር የሚቀር የለም።

የጠፋው ከቡድኑ ነው እንጂ ከዓለም አይደለም። ከዓመታት በኋላ የማላውቀው ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ እትዬን ጠቅሷት አገኘሁ። ስሟ፣ መንደሯ፣ «የግል ቃለ መጠይቅ፣ ጂንካ»፣ በእኔ በኩል የተጠቀሰ። ምንም ስህተት የለበትም። ባርመው ምን እላለሁ?

ይህን ታሪክ ስም ሳልጠራ ለአንድ ባልደረባዬ እንደ ምሳሌ አንስቼበት ነበር፤ የራሴ መሆኑን አልነገርኩትም። «መረጃ ሰጪ አንድ ብላ ብትጽፍ ኖሮ አለቀ» አለኝ። ቀላል ነገር ይመስላል። ጂንካ ውስጥ አንዲት አከራይ ያለችኝ መምህርት «መረጃ ሰጪ አንድ» ብል ሰፈሩ አይስቅም? ደግሞስ ያን ሕዝብ ቁጥር እያደረግን ስንጽፈው አልኖርንም? የእሱን እውቀት ወስደን «አንድ ሸክላ ሠሪ»፣ «አንዲት አሮጊት» እያልን ከስሩ የራሳችንን ስም በትልቁ ስናትም? ስም መጥራት ልክ ነው። አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ልክ ያልሆነው መጠየቅ መተዌ ነው። በግድግዳ ማዶ ነበረች። ሁለት ጊዜ ባንኳኳ ትከፍትልኝ ነበር። «እትዬ፣ አንዱ ሰው እንዳንቺ ያለ የለም ይላል፣ ምን ልበለው?» ብላት ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ምናልባት ተይው ትለኝ ነበር። ምናልባት ንገሪው። መልሱ የእሷ ነበረ፤ እኔ ቀማኋት።

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። ግን ለምኑ? «ምስጢርሽን ስላወጣሁ ይቅር በይኝ» ስል የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን የሚሸሸግ ነገር ነው እያልኩ አይደለም? ድስቱን በእግሯ ከገፋችው ሴት ጎን መቆሜ አይደለም? እምቢ። ይህን ይቅርታ አልጠይቅም። የእትዬ ትውልድ ነውር አልነበረም፣ አይደለም፣ ነውሩ የክዳኑ ነው። እኔ የምናዘዘው ሌላ ነው። የሌላ ሴት ጦርነት የሚጀመርበትን ቀን እኔ መረጥኩላት፣ ያውም በአንድ ዶክተር በተናደድኩበት ማታ። መዋጋት ከፈለገች መቼ እንደምትዋጋ የምታውቅ እሷ ነበረች። እኔ ለአንድ ጭብጨባ ባዶ እጇን ወደ ሜዳ ገፋኋት፤ ከዚያም ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።

እትዬ ከቤቷ አላስወጣችኝም። ራሴ ወጣሁ። ዝውውር ሲገኝ ወደ አርባ ምንጭ ሄድኩ። እስከዚያው ድረስ ልብሴን ከዝናብ ማውረዷን አላቆመችም፤ ጎደሬውን ግን አቆመች። ለመብላት የምጠየፍ መስሏት ይሁን ወይም እንድበላ ስላልፈለገች አልጠየቅኳትም። ይህንንም አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ ጂንካ ሄጄ ነበር። ግቢዋን ፈልጌ ስደርስ ጎረቤቶቿ ለቅሶ ቤት ናት አሉኝ። ደስ ብሎኝ፣ ወጥ ቤት ነው የምትገኘው ብዬ በጓሮ በኩል ገባሁ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የለችም። ድንኳኑ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ከሐዘንተኞቹ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሳህን ይዛለች። የባሏ እህት፣ አርጅታለች፣ ወጥ ትጨምርላት ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አላበስልም ማለቷን ነገረችኝ። የእድር ክፍያዋን በሰዓቱ ትከፍላለች፣ ድንኳን ሲተከል የመጀመሪያዋ ናት፣ ግን ሽንኩርት አትልጥም። «እነሱ ያብስሉ» አለች። «እኔ ልብላ። የእኔን አንበላም ካሉ የእነሱን አልተውላቸውም።» አልሳቀችም፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩት። ዕርቅ ነው ብላችሁ እንዳታነቡት። አንዳንዶቹ ሴቶች ዛሬም ከእሷ ቤት ውሃ አይቀምሱም።

ወደ ቤት ስንሄድ ይህን ልጽፍ እንደምፈልግ ነገርኳት። ስሟን አልጽፍም፣ ካልፈቀደች ምንም አልጽፍም አልኳት። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄዬ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ምን ያደርግላታል? ምንም። እሷም እንደዚያ ነው ያየችኝ።

«የእኔን ተይው» አለች። «እኔን አሁን ሁሉም ያውቀኛል። የእሷን ጻፊ አልኩሽ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም፤ የእሷ ነው፣ እሷም አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ለዶክተሩም ምስጋናውን አልመልስም፤ ከእፍረቴ ጋር ይዤው እቆያለሁ። የታዘዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ያኔ በሩን ዘግቼ ያላደረግኩትን።

አለሚቱ ትባል ነበር። ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስትሞት አንዲት ልጇ ዲመካ ሄድኩ ብላ ቀበረቻት።

ምንጭ፦ ልጇ።